«ስንት ልበላቸው?»

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። ሒሳብ ያስተማርኩት ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ፣ ምረቃና ክርስትና እያነሣ የሚተዳደር ፎቶ አንሺ ሆኗል። ፎቶ ቤት የለውም፣ አለቃም የለውም፤ ያለው ካሜራው፣ ኮምፒውተሩና ስልኩ ነው። አቦሉን እየጠጣን ስለ ቤተሰብ ስንጫወት ቆየንና ቶናው ሲቀዳ «ጋሼ፣ ሰዎች ዋጋ ሲጠይቁኝ ስንት ልበላቸው?» አለኝ።

«እስካሁን ስንት ስትል ነበር?»

«ለሠርግ 18 ሺህ። ከነአልበሙ።»

«18ን ከየት አመጣሃት?»

ሳቀ። አንድ ጓደኛው 20 ሺህ ስለሚል እሱ 2 ሺህ ዝቅ ብሎ ነው። ጓደኛውስ ከየት አመጣው? ከሌላ ጓደኛ። ይህን ነገር ፈተና ስጠብቅ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ተማሪው ከጎኑ ካለው ልጅ ይኮርጃል፤ የዚያ ልጅ የፈተና ኮድ ግን ሌላ ነው። መልሱ ለዚያኛው ትክክል ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያ ጓደኛው የሚኖረው እናቱ ቤት ነው፤ የኔ ተማሪ ደግሞ ቤት ተከራይቶ ሁለት ልጅ ያሳድጋል።

ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ አወጣን። በዚያ ሙያ ያሉ ወጣቶች ብዙ ስለሆኑ የሄድንበትን መንገድ እዚህ ልጻፈው። የብር ቁጥሮቹ ለመማሪያ ያህል የያዝናቸው ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው። የእኛን ቁጥር አውጡና የየራሳችሁን አስገቡበት።

መጀመሪያ አንድ ያለፈ ሠርግ እንያዝ። በዚያ ቀን ከኪሱ የወጣውን ብቻ እንጻፍ። ለረዳቱ 4,000 ብር ከፍሏል። ለመኪና፣ ከሙሽሪት ቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ፎቶ ወደሚነሡበት መናፈሻ፣ ከዚያ አዳራሽ፣ ሌሊት ደግሞ ወደ ቤት፣ 2,000። ለአልበም ማተሚያ 9,000። ድምሩ 15,000 ነው። ከተቀበለው 18,000 ላይ ሲቀነስ 3,000 ይቀራል።

«ለአንድ ቀን 3 ሺህ ክፉ አይደለም» አለ።

አንድ ቀን ነው ወይ? አብረን ቆጠርን። በሠርጉ ዕለት ከንጋቱ እስከ ምሽቱ 14 ሰዓት። ከሙሽሮቹ ጋር ቀድሞ ለመገናኘትና ቦታ ለማየት 3 ሰዓት። ፎቶ ለመምረጥና ለማረም 30 ሰዓት። አልበሙን ለማሰናዳት 8 ሰዓት። ማተሚያ ቤት ለመመላለስና ለማስረከብ 3 ሰዓት። 58 ሰዓት ሆነ። 3,000ን ለ58 ብናካፍል በሰዓት 51 ብር ከ72 ሳንቲም ነው። ዝም አለ።

ሒሳቡ ግን ገና አላለቀም። ካሜራው በዚያ ቀን ስንት ጊዜ ጠቅ አለ? 3,000 ጊዜ ያህል፤ ለሠርግ የተለመደ ነው። የካሜራ ሻተር እንደ ታክሲ ሞተር ዕድሜው በሩጫው ይለካል። አምራቾቹ ራሳቸው የሙከራ ቁጥር ይሰጡለታል፦ ለካኖን 5ዲ ማርክ 4 150,000 ጊዜ፣ ለኒኮን ዲ850 200,000 ጊዜ። ከዚያ በፊት የሚሞት አለ፣ አልፎ የሚሄድም አለ፤ ሻተሩን ብቻ ማስቀየርም ይቻላል። ግን ካሜራውን ልትሸጡ ስትወጡ ገዢው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ቁጥር ነው። እንግዲህ 150,000ን ለ3,000 ስናካፍል 50 ሠርግ ይሆናል። ካሜራውን ዛሬ ለመተካት 180,000 ብር ያስፈልጋል እንበል። 180,000 ለ50 ሲካፈል 3,600። አንዱ ሠርግ ከካሜራው ላይ 3,600 ብር በልቷል፤ በእጁ የቀረው 3,000 ነው። ልጁ 58 ሰዓት ሠርቶ፣ ለማያውቀው ሙሽራ 600 ብር ከራሱ ጨምሮ ሸኝቶታል።

በፊልም ዘመን እንዲህ ያለ ስህተት መሥራት ከባድ ነበር። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ሲያልቅ ሌላ መግዛት፣ ማሳጠብ፣ ማሳተም። ጉርድ ፎቶ የሚያነሣውም በፍሬ ስለሚያስከፍል እያንዳንዱ ጠቅታ ዋጋው በዓይን ይታይ ነበር። ዲጂታል ሲመጣ ጠቅታው ነፃ መሰለ። ወጪው ግን የትም አልሄደም፤ ከዓይን ብቻ ተሰወረ።

ቀጥለን የዓመቱን ወጪ ጻፍን። ዕቃ፦ ዋናው ካሜራ 180,000፣ ተጠባባቂው ካሜራ 90,000፣ ሌንሶች 150,000፣ ፍላሽ፣ ባትሪና ሜሞሪ ካርድ 60,000፣ ኮምፒውተር 120,000። ጠቅላላ 600,000። በአማካይ አራት ዓመት ያገለግላሉ ብለን ስናካፍል በዓመት 150,000 ይሆናል።

እዚህ ላይ ልጁ አስቆመኝ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ በዚህ ዋጋ አልገዛኋቸውም። በግማሽ ነው የገዛኋቸው።» ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። የምንጽፈው የገዛንበትን አይደለም፣ የምንተካበትን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካሜራ አገራችን ውስጥ አይሠራም። ከዚያ ቀን በፊት በገዛበት ዋጋ ያሰላ ፎቶ አንሺ፣ ካሜራው ሲሞትበት ያጠራቀመው ገንዘብ የካሜራውን ግማሽ ብቻ ይገዛለታል።

ሌላውን ወጪ ቶሎ ቶሎ አለፍነው። ስልክ፣ ኢንተርኔትና መብራት 24,000። ሃርድ ዲስክና የማረሚያ ሶፍትዌር 36,000። ንግድ ፈቃድ፣ ሒሳብ ሠራተኛና ግብር 30,000። ጥገና 40,000። ማስታወቂያና የናሙና አልበም 20,000። ከዕቃው 150,000 ጋር ሲደመር 300,000።

ከዚያ ደመወዝ። «የማን ደመወዝ?» አለኝ። የራስህ ነዋ! ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ደመወዙን ሳያውቅ ሥራ አይገባም፤ የራሱን ሥራ የሚሠራው ግን የተረፈውን ይወስዳል፤ ካልተረፈም ዝም ይላል። የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና ሌላውን ሁሉ ቆጥረን በወር 25,000 ብር መጣ። በ12 ሲባዛ 300,000። ጳጉሜን አልረሳኋትም፤ የቤት ኪራይ ባይጠየቅባትም ይበላባታል። የጥንቃቄ ሰው ለእሷም ይጨምርላት፤ እኛ ስሌቱ እንዳይንዛዛ ተውናት።

ስለዚህ ዓመቱ 600,000 ብር ይፈልጋል። ይህን ለምን እናካፍል?

ለ365 እንዳትሉኝ። ለ52 ቅዳሜና እሑድም አይሆንም። የዋጋው ቁልፍ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ፎቶ አንሺ ወጪውን በደንብ ያውቃል፣ ስንት ቀን መሸጥ እንደሚችል ግን ቆጥሮ አያውቅም። ቀን መቁጠሪያ ከግድግዳ አውርደን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን።

የልጁ ደንበኞች በአብዛኛው ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ በጾም ሠርግ አይደግሱም። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው፤ 6 ሳምንት ያህል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ 8 ሳምንት። የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው አዋዋል ይረዝማል ያጥራል፤ በመካከለኛው 4 ሳምንት እንበል። ፍልሰታ 2 ሳምንት። ተደምሮ 20 ሳምንት ነው። ከ52 ላይ 32 ይቀራል። ከዚያ ደግሞ ከጾም ውጭ ያሉት የክረምት ሳምንታትና ሰው ሁሉ ለበዓልና ለትምህርት ቤት ወጪ የሚያወጣበት የመስከረም መጀመሪያ አሉ፤ 6 እንቀንስላቸው። 26 ቀረ።

በእነዚያ 26 ሳምንታት በሙሉ ትፈለጋለህ ወይ? ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ በአንድ እሑድ ሦስት ሰው ይደውላል፤ ልጁ መሄድ የሚችለው አንዱ ጋ ነው። ጥቅምት ላይ ደግሞ ስልኩ ዝም ያለበት እሑድ ነበር። መታመምም አለ፤ የራስ ዘመድ ሠርግም አለ፤ እዚያ ካሜራ ይዞ መሄድ አለ፣ መክፈል ግን የለም። ያለፈውን ዓመት ደብተሩን አየንና 20 ሠርግ ያዝን።

ደንበኞቻችሁ ሙስሊሞች ከሆኑ መቁጠሪያው ሌላ ነው፦ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚመጣ የዘንድሮው ባዶ ወር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ ወቅት ላይ ይውላል። ፕሮቴስታንት ደንበኞች ያሉት ደግሞ ሌላው በሚጾምበት ወቅትም ሥራ ሊያገኝ ይችላል። ከሁሉም የሚሠራ ፎቶ አንሺ ባዶ ሳምንቱ ያነሰ ነው፤ ለዋጋም ሆነ ለእንጀራ ይህ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ትንንሽ ሥራዎችን እንጨምር፦ ምረቃ፣ ልደት፣ ክርስትና፣ የግማሽ ቀን ስብሰባ፣ ለሱቅ የዕቃ ፎቶ። በዓመት 20 ያህል ይመጣሉ። አንዱ ትንሽ ሥራ የሠርግ ግማሽ ድካም አለው ብለን ስንይዘው 20 ትንንሽ ሥራ 10 ሙሉ ሥራ ይሆናል። 20 ሲደመር 10፣ 30። 600,000 ለ30 ሲካፈል 20,000።

ይህ 20,000 ገና ዋጋ አይደለም። አንድ ሠርግ ለዓመቱ ኑሮና ዕቃ ማዋጣት ያለበት ድርሻ ነው፤ ትንሹ ሥራ 10,000 ያዋጣል። ከኪስ የሚወጣውን 15,000 ስንጨምርበት 35,000 ይሆናል። ይህ ወለሉ ነው። ከዚህ በታች የተቀበለ ሰው ልዩነቱን ከልጆቹ ወይም ከካሜራው ላይ እየከፈለ ነው። በወለሉ ላይ 20 በመቶ ጨመርን፤ ሥራ የጠፋበትን ዓመትና የነገውን ሌንስ የሚከፍል ትርፍ ነው፣ ከደመወዙ ጋር እንዳይምታታ። 42,000 ብር ሆነ።

አንድ ወጥመድ አለ። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሰው በዚህ ላይ 15 በመቶ ጨምሮ 48,300 ብሎ ይናገር። ዝም ብሎ «42 ሺህ» ካለ ደንበኛው ታክሱ ውስጡ ያለ መስሎት ይፈርማል፤ ያኔ 5,478 ብር ከራሱ ድርሻ ይወጣል። ዋጋ ስትጽፉ «ታክስን ጨምሮ» ወይም «ታክስን ሳይጨምር» የሚለው ቃል አይቅር። ድርጅቶች ደግሞ ሲከፍሉ ቅድመ ግብር ይቀንሳሉ፤ የተቀነሰበትን ደረሰኝ የማይቀበል ፎቶ አንሺ ገንዘቡን እንደጣለ ይቁጠረው።

ልጁ 42ን ሲያይ ደነገጠ። «ጋሼ፣ ይህን ብል ማንም አይደውልልኝም።» እውነት ሊሆን ይችላል። ገበያው ይህን ካልከፈለ ስሌቱን ከፍተን የቱን ቁጥር መቀየር እንደምንችል እንፈልግ። አልበሙን እናውጣ፦ ደንበኛው ራሱ ያሳትም ወይም በኋላ ይዘዝ። ከኪስ የሚወጣው 6,000 ይሆናል፣ ወለሉ 26,000፣ ትርፉ ሲጨመር 31,200። ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ የሚውለውን ሌንስ ሸጦ በሚያስፈልግበት ቀን መከራየትም አለ። ባዶዎቹን የጾም ሳምንታት በዕቃ ፎቶ መሙላትም አለ፤ የሥራው ቁጥር ከ30 ወደ 40 ቢወጣ ድርሻው ከ20,000 ወደ 15,000 ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ ሒሳብ ናቸው። «ትንሽ ቀንሼ ብዙ እሠራለሁ» የሚለው ግን፣ ጥር ውስጥ ያሉት እሑዶች ስለማይበዙ፣ ምኞት ብቻ ነው።

አሁን ዋጋው ታወቀ፤ መናገሩ ቀረ። ስልክ ላይ «ለሠርግ ስንት ነው?» ለሚል ሰው ቁጥር ከመናገር በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ቀኑ መቼ ነው፣ ስንት ቦታ ነው፣ መልሱና ቅልቅሉ አብረው ናቸው ወይ? መልስ ሌላ ቀን ነው። ሙሽራው «ሠርጉ» ሲል መልሱን ጭምር ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የአንድ ቀን ዋጋ ትናገራላችሁ፣ ሁለት ቀን ትሠራላችሁ። ከዚያ ዋጋውን ከነሥራው ተናገሩ፦ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ የታረመ ፎቶ ስንት፣ በስንት ሳምንት ውስጥ፣ ከዚያ በላይ ለምትቆዩበት ሰዓት ስንት።

«መጨረሻው ስንት ነው?» መምጣቱ አይቀርም። እንደ ነውር አትዩት፤ በአገራችን ሳይከራከር የሚገዛ ሰው የተታለለ ይመስለዋል። መልሱ ግን አንድ ነው፤ ዋጋው ሲቀንስ ሥራውም ይቀንሳል። «30 ሺህ ብቻ ነው ያለኝ» ላለ ሰው «እሺ፣ አልበሙ ይቅርና ከምሳ በኋላ እስከ ኬክ ቆረሳው ልሥራልዎ» ማለት ይቻላል። ያንኑ ሥራ በ30 ሺህ ከተቀበላችሁት ግን፣ ለደንበኛው የነገራችሁት 42 ሺህ ውሸት ነበር ማለት ነው።

የዘመድ ዋጋስ? የእኅት ልጅ ሲያገባ ሙሉ ዋጋ መቀበል እኔም አልመክርም። ነገር ግን ደረሰኙ ላይ 42,000 ይጻፍ፣ ከሥሩ «ስጦታ 20,000» ይጻፍ፣ ቀሪው 22,000 ይከፈል። በቃል ብቻ «22 ሺህ» ከተባለ፣ የእኅት ልጅ ሚዜዎች በሙሉ ዋጋው 22 ነው ብለው በሚቀጥለው ወር ይደውላሉ። ስጦታውም ማንም ሳያውቀው ይቀራል።

ስለ ቀብድ ልጁን ብዙ ጠየቅሁት፤ ያለ ቀብድ ቀን ይይዝ ነበር። ይህ ጥር ላይ ሦስት ደዋይ ላለበት ሰው አደገኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል መኖሩን እንደሚያስረዳ ይናገራል። ቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ቢቀር ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢቀር ግን እጥፉን ይመልሳል ይላል። ሁለተኛውን ክፍል ልብ በሉት። 10,000 ቀብድ ተቀብላችሁ የተሻለ የሚከፍል መጣ ብላችሁ ከቀራችሁ 20,000 ትመልሳላችሁ። ቀሪውን ክፍያ በተመለከተ የምመክረው፣ ግማሹ በሠርጉ ዋዜማ፣ የመጨረሻው ፎቶው ሲረከብ ነው፤ ከጫጉላ በኋላ ሙሽራን ስለ ገንዘብ ማሳደድ አድካሚ ሥራ ነው።

የባለቤትነቱ ነገር ብዙ ፎቶ አንሺን የሚያስደነግጥ ነው። «ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ የኔ ነው» ይላሉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ግን፣ በሌላ ሰው ትእዛዝ በውል የተሠራ ሥራ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ነው። ለአንድ ሆቴል ድርጅት የክፍል ፎቶ ስታነሡ «ለድረ ገጽ ብቻ፣ ለሁለት ዓመት» ብላችሁ ካልጻፋችሁ ያው ፎቶ ነገ የመንገድ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ መጠየቂያ የላችሁም። ለድርጅት ሥራ ዋጋው ከሰዓቱ ይልቅ በአጠቃቀሙ የሚወሰነው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል የሙሽሪትን ፎቶ ለራሳችሁ ማስታወቂያ ለመለጠፍ የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን ይከለክላል። ሁለቱንም ውሉ ውስጥ በአንድ በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። «ጥሬውን ሁሉ በፍላሽ ስጠኝ» የሚለውንም እዚያው ጻፉ፤ የሚሰጥ ከሆነ በስንት ብር፣ የማይሰጥ ከሆነም የማይሰጥ መሆኑን።

ከውጭ አገር መጥቶ የሚያገባ ደንበኛ ሲገጥማችሁ ዋጋውን በፓስፖርቱ አትተምኑት። የተለየ ሥራ ካለው ያንን አስከፍሉ፤ ዋሽንግተን ላለ ቤተሰብ ሠርጉ በተደረገ ማግስት 50 ፎቶ በኢንተርኔት መላክ ሌሊት መሥራትን ይጠይቃል፣ ሌሊቱ ዋጋ አለው። ሥራው ያው ከሆነ ዋጋውም ያው ይሁን፤ የአጎቱ ልጅ ባለፈው ወር ስንት እንደከፈለ ሳይጠይቅ የሚቀር የለምና።

ልጁ ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሥራ ባስፈታው ሳምንት፣ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ። ስሌቱን በየዓመቱ በዚያ ወር እንዲያድስ ተስማምተን ነበር፤ አዲሱ የበጀት ዓመት ስለሚጀምርና ግብርም ስለሚታሰብ ወረቀቱ ሁሉ ያን ጊዜ ከመሳቢያ ይወጣል። ሠርግ 17፣ ትንንሽ ሥራ 26 ጽፏል። ሠርጉ ስላነሰ ቅር ብሎታል። «ደምረው» አልኩት። የ26 ግማሽ 13፤ 17 ሲደመር 13፣ 30። ድርሻው ያው 20,000 ሆነ። የአልበም ማተሚያው ግን ከ9,000 ወደ 11,000 ወጥቷል። 15,000 የሚለውን ሰርዞ 17,000 ጻፈ፤ ወለሉን 37,000 አደረገና 20 በመቶውን ለማስላት ስልኩን ሊያወጣ ሲል በእርሳስ እንዲሠራው ነገርኩት።